ጥሩምባ፦ መልኩ፣ ሀገሩና ሥራው

በአማርኛ «ጥሩምባ» ተብሎ የሚጠራው ነገር አንድ አይደለም። የሠራዊት ሙዚቀኛ በሰልፍ ላይ የሚነፋው የነሐስ መሣሪያ ጥሩምባ ነው። አሽከርካሪ መንገደኛን ለማስጠንቀቅ የሚያስጮኸው የመኪና ድምፅም ጥሩምባ ነው። ገና ጎሕ ሳይቀድ የጎረቤት ሞት የሚነገርበት የዕድር መሣሪያም ጥሩምባ ነው። ከዚህም አልፎ በየግቢው እርጥበት ባለበት ጥግ የምትበቅለው፣ ነጭ ልብሷ እንደ ተጠቀለለ ወረቀት ከታች ጠቦ ከላይ የሚሰፋው አበባ «የጥሩምባ አበባ» ስትባል ይሰማል። «ጥሩምባ ነፋ» ሲባል ደግሞ መሣሪያም ሆነ አበባ የለም፤ የተነገረውን ምስጢር ይዞ ማደር ያልቻለ ሰው ነው የሚታማው።

ይህ የእኛ ቋንቋ ጠባይ ብቻ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ረግረጋማ ሥፍራዎች ሣራሴንያ የሚባል የዕፅዋት ወገን ይበቅላል። ስሙ በኩቤክ ይኖር ከነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም ከሚሼል ሣራዛን የተወሰደ ነው። የዚህ ተክል ቅጠል እንደ ቱቦ ተጠቅልሎ ይቆማል፤ በአፉ ዙሪያ ጣፋጭ ፈሳሽ ያመነጫል። በጣፋጩ ተስባ የመጣች ዝንብ በሚያንሸራትተው ከንፈር ላይ እግሯ ሲከዳት ወደ ውስጥ ትወድቃለች፤ ወደ ታች ያዘነበለው ጠጕር መውጫ ይነሣታል፤ ከሥር የተጠራቀመው ፈሳሽም ሥጋዋን አሟሙቶ ለተክሉ ምግብ ያደርገዋል። ረግረጉ ለዕፅዋት የሚያስፈልገውን ንጥረ ነገር ስለሚነፍገው፣ ተክሉ ከአፈር ያጣውን ከነፍሳት ይወስዳል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው የአገሩ ሰው ይህን ተክል በቋንቋው «ጥሩምባ» ይለዋል፤ ቢጫው «ቢጫ ጥሩምባ» ነው። ተክሉ ድምፅ የለውም። ይሁን እንጂ አይጠራም ማለት አይቻልም፤ በማር ይጠራል፤ ጥሪውን የሰማም አይመለስም።

አንድ ስም በአበባና በነሐስ ላይ እንዴት ሊያርፍ ቻለ? የቅኔ ተማሪ ይህን ቢጠየቅ «ኅብር ነው» ብሎ ይመልሳል። ኅብር ማለት አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ተሸክሞ፣ ሰሙ ከላይ ወርቁ ከሥር ሆኖ ሲገኝ ነው። ባለቅኔው ግን ኅብሩን ከባዶ አይፈጥረውም፤ ሕዝብ በዘመናት ውስጥ በአንድ ቃል ላይ የከመረውን ኑሮ አግኝቶ ይገልጠዋል እንጂ። ስለዚህ «ጥሩምባ» የሚለውን ቃል ሰምና ወርቅ ለመለየት፣ ቃሉ ያለፈበትን መንገድና በየመንገዱ የተሰጠውን ሥራ መመርመር ያስፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው።

ሦስት የስም አወጣጥ መንገዶች

ሰው ለነገሮች ስም የሚያወጣው በብዙ መንገድ ቢሆንም፣ ሦስቱ ጎልተው ይታያሉ። አንዳንዱን በመልኩ፣ አንዳንዱን በመጣበት ሀገር፣ አንዳንዱን በሚሠራው ሥራ ይጠራዋል። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ በየካ፣ መገናኛ ላይ ቆሞ ወደ እንጦጦ ሰንሰለት ቀና ማለት ይበቃል።

የእንጦጦን ተራራ ያለበሰው ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የገባ ነው፤ የትውልድ ሀገሩ አውስትራልያ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ቅጠሉ ይሸታል፣ ግንዱ ይረዝማል ብሎ በመልኩ አልጠራውም። ከባሕር ማዶ መጣ ብሎ «ባሕር ዛፍ» አለው። ይህ በሀገር መጥራት ነው።

በሀገር መጥራት ግን ያሳስታል። ከላይ የጠቀስናት ነጯ የጥሩምባ አበባ በዓለም የዕፅዋት ሊቃውንት ዘንድ ዛንቴዴስኪያ ኤቲዮፒካ ትባላለች። ስሟን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ የሀገሩ ልጅ ናት ብሎ ሊኮራ ይችላል። ነገር ግን የትውልድ ሥፍራዋ የአፍሪቃ ደቡባዊ ክፍል ነው። በድሮው የአውሮፓ ሊቃውንት አጠራር «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም እንደ ጥንቱ የግሪክ ልማድ ሰፊውን የአፍሪቃ ምድር ያመለክት ስለነበረ ነው ስማችን ከእርሷ ጋር የተጣበቀው። እንግዲህ ይህች አበባ የእኛን ስም ከሩቅ ይዛ፣ እንግዳ ሆና ወደ ግቢያችን ገባች፤ እኛም በመልኳ «ጥሩምባ» አልናት።

በመንገድ ዳርና በፍርስራሽ ላይ ሳይዘሩት የሚበቅል ሌላ ተክልም አለ። አበባው ነጭ፣ ረጅም፣ አፉ የሰፋ፣ በመልኩ ከሁሉ ይልቅ ለጥሩምባ የቀረበ ነው፤ እንግሊዞችም «የሰይጣን ጥሩምባ» ይሉታል። እኛ ግን በዚህ ተክል ላይ የመልኩን ስም አልጫንንበትም። አንደኛው ስሙ «ዕፀ ፋርስ» ነው፤ ከሩቅ የመጣ መሆኑን ይናገራል፤ ዛሬ የዕፅዋት ሊቃውንት የትውልድ ሀገሩ አሜሪካ መሆኑን ቢነግሩንም። ሁለተኛው ስሙ «አስተናግር» ነው። የተክሉ ሁለመና፣ ዘሩም ጭምር፣ መርዝ ነው። የበላው ሰው አእምሮው ይታወክበታል፤ የሌለ ያያል፤ ያልተጠየቀውን ይለፈልፋል፤ ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላል። ባላገሩ ይህን ተመልክቶ የአበባውን ውበት ወደ ጎን ትቶ፣ በሚሠራው ሥራ «አስተናግር» ብሎ ጠራው። ልጆቹን ከመርዙ የሚጠብቅበት ስም ነው፤ ስሙ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነውና።

አሁን ወደ ቃሉ ሥር እንውረድ። «አስተናግር» የተገኘው ከ«ነገረ» ነው። ከዚያው ሥር የበቀለ ሌላ ቃልም አለ፤ «ነጋሪት»። ነጋሪት የሚነግር ከበሮ ነው። የጥንቱ ሰው ከበሮውን በቆዳው ወይም በክብነቱ አልጠራውም፤ በሚሠራው ሥራ ጠራው። መርዘኛው አበባና የመንግሥት ከበሮ በአንድ ሥር መገናኘታቸው የቋንቋችን ጠባይ ያሳያል። አማርኛ ስለ ድምፅ ሲናገር ዕቃው ምን ይመስላል ከማለት ይልቅ ምን ያደርጋል ብሎ መጠየቅ ይወዳል። ቆመን የምንመለከትበት ሥፍራ ስምም እንዲሁ ነው። «መገናኛ» ማለት መንገድና መንገድ፣ ሰውና ሰው የሚገናኙበት ነው፤ ደግሞም መልእክት የሚተላለፍበት መሣሪያ ሁሉ መገናኛ ይባላል።

ከሸምበቆ እስከ ነሐስ

«ጥሩምባ» ወደ አማርኛ ከመግባቱ በፊት የሚነፋ ነገር ስም አላጣም ነበር። በግእዝ «ቀርን» የእንስሳ ቀንድ ነው፤ የሚነፋው መሣሪያም ያው ቀርን ነው። ቀንዱ ከበሬው ራስ ወርዶ በሰው አፍ ላይ ሲውል ስሙ አልተለወጠም። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ የመለሱት ሊቃውንትም «ቀንደ መለከት» ሲሉ ጥንታዊውን ቀንድና የዘመናቸውን መለከት በአንድ ስም አጋብተዋቸዋል።

መለከት ራሱ ከምድር የበቀለ መሣሪያ ነበር ማለት ይቻላል። ረጅም ሸምበቆ ተቦርቡሮ በቆዳ ይለበጣል፤ በጫፉ ላይ ድምፁን የሚያሰፋው አፍ ከቅል ወይም ከናስ ይሠራል። እንግዲህ በእኛ ሀገር ተክልና ጥሩምባ የተገናኙት በመመሳሰል ብቻ አይደለም፤ ተክሉ ራሱ ጥሩምባ ሆኗል። ነፊው ሸምበቆውን ሲነፋ በጣቱ የሚደፍነው ቀዳዳ የለም፤ ድምፁን የሚለዋውጠው በከንፈሩና በትንፋሹ ብርታት ነው። የመለከት ጓደኛ የሆነው እምቢልታም ከሸምበቆ ወይም ከብረት ይሠራል። በተለመደው አነፋፍ እምቢልተኞች ሦስት ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱን ጥቂት ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ዜማው የሚገኘው ሦስቱ ተራ በተራ ሲሰካኩ ነው። ብቻውን የቆመ እምቢልተኛ ዜማ የለውም።

ነጋሪት፣ መለከትና እምቢልታ የመንግሥት ድምፅ ነበሩ። ለከፍተኛ ሹማምንት ነጋሪት የማስመታትና እምቢልታ የማስነፋት መብት ከሹመታቸው ጋር ይሰጣቸው ነበር። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲደፉ፣ ሥልጣን በዓይን ከመታየቱ በፊት በጆሮ የሚሰማበት ዘመን ነበር። ዐዋጅ ሲታወጅ የሰማ ላልሰማ እንዲያሰማ ይታዘዝ ነበር፤ ይኸውም ሰሚው ሁሉ በተራው ነጋሪት እንዲሆን ማለት ነው። ይህ ሥራ እንዳይረሳ የረዳው ስሙ ነው። በ1934 ዓ.ም. የሀገሪቱ ሕግ የሚታተምበት ጋዜጣ ሲቋቋም «ነጋሪት ጋዜጣ» ተባለ። ከበሮው ዝም ካለ በኋላም የፌዴራሉ ሕግ እስከ ዛሬ የሚወጣው በዚሁ ስም ነው። ቆዳው አለቀ፤ እንጨቱ ነቀዘ፤ ሥራው ግን በወረቀት ላይ ቀጠለ።

ነሐሱ የመጣው ከዐድዋ ድል በኋላ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በዐድዋ ድል ስታደርግ ዝናው ዓለምን አዳረሰ፤ የሩስያው ንጉሠ ነገሥት ኒኮላስ ሁለተኛም በ1889 ዓ.ም. ለምኒልክ አርባ የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያዎች በስጦታ ላኩ። እነዚህ መሣሪያዎች ከመለከት የሚለዩት በብረታቸው ብቻ አይደለም። በ19ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ላይ በጀርመን ሀገር የተፈለሰፈው መክፈቻና መዝጊያ ስለተገጠመላቸው፣ ነፊው በጣቱ እየተጫነ የቱቦውን ርዝመት ይለዋውጣል፤ በዚህም የተነሣ መለከት የማይደርስባቸውን ድምፆች ሁሉ ያወጣል። መሣሪያው አዲስ እንደነበረ ሁሉ ስሙም አዲስ ነበር። ጣልያኖች «ትሮምባ» የሚሉት ቃል በሜዲትራኒያንና በቀይ ባሕር ዙሪያ በብዙ ቋንቋዎች አፍ ውስጥ ተዘዋውሯል። በቱርክኛ «ቱሉምባ» ሆኖ ውኃ መሳቢያ ተባለ፤ እሳት አጥፊዎችም በእርሱ ተጠሩ። በአማርኛ «ትሮ» የሚለው ጥምር ድምፅ ተፈታ፤ «ት» ጠብቃ «ጥ» ሆነች፤ «ጥሩምባ» ተባለ። ቱርኩ በቱቦው ውስጥ ውኃን አየ፤ እኛ ትንፋሽን ሰማን።

ከሩስያ የመጡት መሣሪያዎች አርባ ነበሩ። ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ ደግሞ አርባ ነፊዎች መጡ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ፣ ወላጆቻቸው በቱርክ ግዛት በአርመኖች ላይ በደረሰው ፍጅት ያለቁባቸው ልጆች በአርመን ገዳም ተጠግተው ሙዚቃ ሲያሰሙ አገኟቸው። አርባውን ወስደው ለማሳደግ ከአርመን ፓትርያርክ ጋር ተስማሙ። «አርባ ልጆች» ተብለው በታሪካችን የሚታወቁት እነዚህ ናቸው፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገቡ። ናልባንዲያን ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን ለጻፈለት የንጉሠ ነገሥት መንግሥት መዝሙር ዜማውን ደረሰ፤ መዝሙሩ እስከ 1967 ዓ.ም. የሀገሪቱ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ቆየ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተፈጸመው የዘውድ በዓልም እነዚህ አሳዳጊ ያጡ ልጆች በባዕድ ከተማ የደስታ ጥሩምባ ነፉ። ቤታቸው የፈረሰባቸው ልጆች የሌላውን ሀገር ክብር በትንፋሻቸው አሰሙ፤ የአዲስ አበባም ጆሮ ዘመናዊውን ነሐስ በእነርሱ ትንፋሽ ለመደ።

ከነፃነት በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊት፣ የጦር ሠራዊትና የማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ክፍሎች ጥሩምባውን ከሰልፍ ሜዳ ወደ መድረክ አመጡት። ከዚህ ትውልድ ውስጥ በ1927 ዓ.ም. የተወለደውና በ2008 ዓ.ም. ያረፈው ጌታቸው መኩርያ ሊጠቀስ ይገባዋል። ጌታቸው በክራርና በማሲንቆ ጀምሮ፣ በማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ክፍል ሳክስፎን ያዘ፤ በኋላም በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ሠራ። የኢትዮጵያ ጦረኛ ከፍልሚያ በፊት የሚያሰማውን ሽለላ ወስዶ በሳክስፎን ተናገረው። መሣሪያው የቤልጅግ ሰው ፈጠራ ነው፤ ጉሮሮው ግን የሸላይ ነበር። እንዲህ ሲሆን የባዕድ ዕቃ የሀገር ሥራ አገኘ ይባላል።

እዚህ ላይ የሙዚቃ መሣሪያዎችን አከፋፈል ማስተዋል ይጠቅማል። አውሮፓውያን ጥሩምባንና ዘመዶቹን በተሠሩበት ነገር «ነሐስ» ብለው ይጠሯቸዋል። ሳክስፎን ከነሐስ ተሠርቶ ሳለ በአፉ የሸምበቆ ምላስ ስላለው ከዚህ ቤተሰብ ወጥቶ «የእንጨት» ከሚሏቸው ጋር ይቆጠራል፤ የማያውቅ ሰው ይደናገራል። አማርኛ ግን መሣሪያዎችን የክር፣ የምትና የትንፋሽ ብሎ ነው የሚከፍላቸው። ዋሽንትም፣ መለከትም፣ ጥሩምባም፣ ሳክስፎንም የትንፋሽ መሣሪያዎች ናቸው። ሸምበቆው ከነሐሱ፣ ድኻው እረኛ ከክብር ዘበኛው በአንድ ቤት የሚያድሩት ትንፋሽ ስላገናኛቸው ነው።

የዕድር ጥሩምባ

እስካሁን ያየነው ጥሩምባ የቤተ መንግሥትና የመድረክ ነው። ቃሉን ግን በእያንዳንዱ ቤት ያስገባው ዕድር ነው። ዕድር በአዲስ አበባ የተስፋፋው በ20ኛው ምዕት ዓመት የመጀመሪያ ዐሥርት ዓመታት ነው፤ ብዙ አጥኚዎች ጅማሮውን ወደ ከተማይቱ ከገቡት የጉራጌ ተወላጆች መረዳጃ ጋር ያያይዙታል። ሰው ከትውልድ መንደሩ ርቆ ከተማ ሲገባ ትልቁ ሥጋቱ ብቻውን መሞት ነበር። በገጠር ዘመድ ይቀብረዋል፤ በከተማ ማን ይቀብረዋል? ዕድር ለዚህ ጥያቄ የተገኘ መልስ ነው። ጎረቤት በየወሩ ጥቂት ያዋጣል፤ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ድስት በጋራ ይገዛል፤ ሞት ሲመጣ ወገን ሆኖ ይቆማል። በዘር፣ በሃይማኖትና በሀብት የማይመሳሰሉ ሰዎች በአንድ ድንኳን ሥር እንዲቀመጡ ያደረገ ሥርዓት ነው።

የዚህ ሥርዓት ምላስ ጥሩምባ ነፊው ነው። ሰው ያረፈ እንደሆነ፣ ሌሊቱ ሳይለቅ በየመንገዱ እየዞረ ይነፋል። መሣሪያው አጭርና ጫፉ የሰፋ ቱቦ ነው፤ መክፈቻና መዝጊያ የለውም፤ በዚህ ረገድ ለሩስያው ስጦታ ሳይሆን ለጥንቱ መለከት ዘመድ ነው። ከነፋ በኋላ የሟቹን ስም፣ የማን እናት ወይም የማን ልጅ መሆኑን፣ ቤቱን፣ የቀብሩን ሰዓትና ሥፍራ ጮኾ ይናገራል። በየቤቱ መብራት ይበራል፤ ማን ነው ማን ነው ይባላል፤ ነጠላ ይዘቀዘቃል። አንድ ሰው ትንፋሹ ቢቋረጥ፣ ሌላ ሰው በትንፋሹ ይህንኑ ለሰፈሩ ያስታውቃል።

የነጋሪቱ ሥራ ወደ ማን እንደ ተላለፈ ከዚህ መረዳት ይቻላል። የከበሮው ስም ለሕግ ጋዜጣ ተረፈ፤ በሰው ጆሮ ደርሶ ሕዝብን ከየቤቱ የማውጣት ሥራው ግን የዕድሩ ጥሩምባ ሆነ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ነጋሪት የሚመታው ሹም ሲሾም፣ ንጉሥ ሲያዝዝ ነበር። የዕድር ጥሩምባ ለባለ ፎቁም ለእንጀራ ሻጯም እኩል ይነፋል። በሕይወቱ ዘመን ስሙን ማንም በዐደባባይ ጠርቶት የማያውቅ ድኻ፣ በሞቱ ዕለት እንደ ሹም በመለከት ይጠራል። የባላባት የነበረው ክብር በዚህ መንገድ ለተራው ሕዝብ ደርሷል።

ሁለት ጥሪዎች

አሁን ወደ መገናኛ እንመለስ። የዛሬው መገናኛ ከከተማይቱ ታላላቅ የትራንስፖርት ማዕከሎች አንዱ ነው። ከጥቅምት 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው የቀላል ባቡር መስመር ያልፍበታል፤ ወደ ኮተቤ፣ ወደ ቦሌ፣ ወደ አራት ኪሎ የሚሄደው ሕዝብ ይተላለፍበታል። የታክሲ ረዳቱ የመዳረሻውን ስም እየደጋገመ በአፉ ይጠራል፤ የአሽከርካሪው ጥሩምባ ደግሞ ከኋላ ይጮኻል። ከአራት ኪሎ በቀበና አድርጎ ወደ መገናኛ የሚያወጣው መንገድ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት መልኩ ተለውጧል። ከዚያ አስቀድሞም፣ ከ1990ዎቹ ማብቂያ ወዲህ፣ ብዙ የከተማይቱ ነዋሪ ከአሮጌ ሰፈሩ እየተነሣ ወደ ጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ገብቷል።

የቤትና የመንገድ መሻሻልን የሚጠላ የለም። ነገር ግን ሰፈር ሲበተን ዕድር ይበተናል፤ ዕድር ሲበተን ጥሩምባ ነፊው ለማን ይነፋል? በአንዳንድ ሥፍራ የሞት ማስታወቂያ ዛሬ በስልክ መልእክት ይደርሳል። ስልኩ ፈጣን ነው፤ የሌሊት ብርድም አያስመታም። ሆኖም በስልኩና በጥሩምባው መካከል ያለው ልዩነት የፍጥነት ብቻ አይደለም። ስልኩ የሚጠራው ስሙ የተመዘገበውን ነው። ጥሩምባው ግን መዝገብ አያይም። ትናንት የገባውን ተከራይ፣ ወርኃዊ መዋጮ ያላሟላውን፣ ከሟቹ ጋር ተኳርፎ የኖረውን፣ በእንግድነት ያደረውን ሁሉ ይቀሰቅሳል። የስልክ መልእክት ለየብቻ ይነበባል፤ አላየሁትም ማለት ይቻላል። ጥሩምባ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚሰሙት፣ እያንዳንዱም ጎረቤቱ እንደ ሰማ የሚያውቅበት ነው። ስለዚህ አልሰማሁም ብሎ መቅረት አይቻልም። የዕድር ጥሩምባ ኃይሉ በዚህ ነው፤ ወሬ ብቻ አያደርስም፣ ግዴታን በዐደባባይ ያኖራል።

የቃሉ ሰምና ወርቅ የሚለየውም በዚህ ላይ ነው። የመኪናው ጥሩምባና የዕድሩ ጥሩምባ ስማቸው አንድ፣ መልካቸውም ዘመዳሞች ሲሆኑ፣ ሥራቸው ተቃራኒ ነው። የመኪናው ጥሩምባ ለመንገደኛው «ዞር በል» ይለዋል። የዕድሩ ጥሩምባ ለጎረቤቱ «ና» ይለዋል። አንደኛው ሰውን ከሰው ያርቃል፤ ሁለተኛው ያገናኛል። በአሜሪካ ረግረግ የቆመው ተክልም «ና» ይላል፤ ነገር ግን የሚጠራው ሊበላ ነው። ጥሪ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን፤ ጠሪው ስለ ምን እንደሚጠራ መመርመር የሰሚው ፈንታ ነው። በጣፋጭ ቃል ሕዝብን የሚጠራ ሁሉ በሐዘኑ ቀን አብሮት ይቆማል ማለት አይደለም። ጥሩምባ ነፊው ግን መራራ ቃል ይዞ ይመጣል፤ የተጠራውም ሄዶ ቀብሮ፣ አልቅሶ፣ አጽናንቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

አንድ ቃል ከሁለት ሥራው አንዱን ቢያጣ አይሞትም፤ በቀረው ሥራ ይኖራል። ሥጋቱም ይህ ነው። ነገ የሚወለደው የአዲስ አበባ ልጅ «ጥሩምባ» ሲባል የሚያውቀው ጆሮ የሚበጥሰውን የመኪና ጩኸት ብቻ ከሆነ፣ የቃሉ ወርቅ ጠፍቶ ሰሙ ብቻ ይቀራል። ነጋሪት ከበሮው ሲጠፋ ሥራው በጋዜጣ ስም ተጠብቆለታል፤ የዕድሩን ጥሪ ግን እስከ አሁን ማንም በመዝገብ አላደረገለትም ቢባል ብዙ ሐሰት አይሆንም፤ በየሰፈሩ የሚኖረው በጥሩምባ ነፊው ጉሮሮ ውስጥ ነውና። መለከትና እምቢልታ ዛሬ በሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች እጅ በበዓላት አደባባይ ሲታዩ ደስ ይላል፤ የተረሳ የሚመስል መሣሪያ ሥራ ካገኘ ነፍስ እንደሚዘራ ያስረዳሉና።

ስለዚህ ሊደረግ የሚገባው ከባድ አይደለም። የየሰፈሩ ዕድር ጥሩምባ ነፊ የሚነፋውን ድምፅና የሚናገረውን የአነጋገር ሥርዓት በድምፅ መቅጃ መያዝ ይቻላል፤ አነጋገሩ ከሰፈር ሰፈር ይለያያልና ለቋንቋም ለቴአትርም ሀብት ነው። ወደ ሌላ ሥፍራ የሚዛወር ዕድር ድንኳኑንና ድስቱን ሲከፋፈል ጥሩምባውን እንደ ቁራጭ ብረት እንዳይጥለው ሽማግሌዎቹን ማሳሰብ ይገባል። በአዲሶቹ ሕንፃዎች የሚቋቋሙ ዕድሮችም፣ ስልኩን ለፍጥነቱ እየተጠቀሙበት፣ ቢያንስ በቀብሩ ጠዋት አንድ ጊዜ በሕንፃው ግቢ ውስጥ ጥሩምባ ቢያስነፉ፣ በአምስተኛው ፎቅ የሚኖረው በአንደኛው ፎቅ ማን እንደ ሞተ ይሰማል፤ ሰምቶም ደረጃውን ይወርዳል።